በዱቤ የሚኖር ደጋ፦ የንፋስ መውጫ መንገድ ማስታወሻ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀናው መንገድ የፎገራን የሩዝ ሜዳ ትቶ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር አየሩም ኑሮውም አብሮ ይለወጣል። ደብረ ታቦርን አልፎ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ በጎኑ ይዞ፣ ክምር ድንጋይንና ጎብጎብን ተሻግሮ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደተቀመጠችው ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ጨጨሆ ነው፤ ቀጥሎ የወሎዎቹ ደብረ ዘቢጥና ጋሸና፣ ከዚያም ወልድያ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ይህንኑ ደጋ አቋርጠው ነው። ዛሬ ተሽከርካሪ የሚመላለስበት ጎዳና ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970ዎቹ በቻይናውያን እገዛ የተሠራው ነው። መንገዱ ጎንደርንና ባሕር ዳርን ከወልድያ፣ በወልድያም በኩል ከአፋርና ከጅቡቲ መስመር ጋር ያገናኛል። ስለዚህ የቀድሞዋ የጋይንት አውራጃ መቀመጫ፣ የዛሬዋ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ፣ የመንገድ ልጅ ናት። መንገዱ ሲከፈት ትበላለች፤ ሲዘጋ ትራባለች።

በዚህ ጎዳና ግራና ቀኝ የተደረደሩት የችርቻሮ ሱቆች ላላፊ አግዳሚው እምብዛም ዓይን አይገቡም። የአብዛኞቹ ዕቃ ተመሳሳይ ነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ የተማሪ ደብተር፣ የፕላስቲክ ጫማ። ነገር ግን ከመንገዱ ወርዶ ወደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ ወደ ስማዳዋ ወገዳ፣ ወደ እስቴዋ መካነ ኢየሱስ የሚሄድ ሰው የእነዚህ ሱቆች ትርጉም ይገለጥለታል። በስተሰሜን ያለው ገደል ወደ ተከዜ፣ በስተደቡብ ያለው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። በእነዚህ ሸለቆዎች አፋፍ ለሚኖረው ገበሬ ባንክ ሩቅ ነው፤ ሱቅ ግን ቅርብ ነው። የዚህ ማስታወሻ ክርክርም ከዚህ ይነሣል። በኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ የባለ ሱቁ ፈተና የአንድ ነጋዴ የግል ኪሳራ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ባለ ሱቁ የገጠሩ አበዳሪ ስለሆነ፣ እሱ ዕቃውን መልሶ መግዛት ሲያቅተው የሚወድቀው ደጋውን ከክረምት ወደ መኸር የሚያሻግረው ዱቤ ነው። ስለዚህ የመንግሥትም የኅብረተሰቡም ትኩረት በሱቁ ላይ ከተለጠፈው ዋጋ ይልቅ በባለ ሱቁ መንቀሳቀሻ ገንዘብ ላይ ሊሆን ይገባል።

ዱቤው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የጋይንትን ዓመት መከተል ይበቃል። ደጋው የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የድንች አገር ነው፤ ቆላው ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። ገበሬው ጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው በተቆራረጠ ወቅት ነው፤ እህሉ ሲሰበሰብ፣ በግ ሲሸጥ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ሲቆረጥ፣ ወይም ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደው ወጣት ሲመለስ። ወጪው ግን ወቅት አይጠብቅም። ጎተራው ባዶ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ጨውም፣ ሳሙናም፣ መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ የልጆች ደብተር ይመጣል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር ነው። ዋስ አይጠይቅም፤ የቤት ካርታ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መተዋወቅን ነው። ባለ ሱቁ የማን ማሳ እንደፈራ፣ የማን ልጅ ለሥራ እንደወረደ፣ ማን በሐዘን ላይ እንዳለ ያውቃል፤ በዚያ ዕውቀቱ መጠን ያበድራል። የትኛውም የብድር ተቋም በአንድ መኮንን ጠረጴዛ ላይ ሊሰበስበው የማይችል መረጃ በሱቅ ባንኮኒ ላይ በየቀኑ ይሰበሰባል።

የዋጋ ንረት ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው በቀላል ስሌት ነው። አንድ ቸርቻሪ አንድ ካርቶን ሳሙና በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,100 ብር በዱቤ ሰጠ፣ ገንዘቡም ከ4 ወር በኋላ መኸር ሲገባ ተመለሰለት እንበል። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ የሚጨምር ከሆነ ያው ካርቶን በ4 ወር ውስጥ 1,091 ብር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ባለ ሱቁ በደብተሩ 100 ብር ያተረፈ ይመስለዋል፤ ካርቶኑን መልሶ ሲገዛ ግን በእጁ የሚቀረው 9 ብር ነው። የመጓጓዣ፣ የቤት ኪራይና የግብር ወጪ ሲታሰብበት ሳያውቀው ከመንቀሳቀሻው እየበላ ነው። የ30 በመቶው ግምትም ከአየር የተነሣ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ይፋዊው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እቁብም ቢሆን ከዚህ አያስጥልም። በእኩል ብር የሚጣለው እቁብ ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ለሁሉም እኩል ነው፤ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ግን መጀመሪያ ዕጣ የደረሰው ዕቃ ገዝቶ ሲያተርፍ፣ መጨረሻ የደረሰው በዚያው ብር ግማሽ መደርደሪያ እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ አስተዋይ ነጋዴ የሚወስደው እርምጃ አንድ ነው፤ ዱቤ ያቆማል፣ እጅ በእጅ ይሸጣል። ለራሱ ትክክል ነው። ለጋይንት ገበሬ ግን የክረምቱ መሻገሪያ ተዘጋ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ ዕጣ ተጨምሯል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ንፋስ መውጫን ለ9 ቀን ያህል ይዘው ቆይተዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ተዋጊዎቹ በከተማዋ ሴቶች ላይ የፈጸሙትን መድፈርና ዝርፊያ ከተጎጂዎቹ አንደበት መዝግቧል፤ ምግብ እየሸጠች የምታድር ሴትና ጥቂት ዕቃ ዘርግታ የምትነግድ እናት ያጡት ነገር በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ከተማዋ ከዚያ ቁስል ሳታገግም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፣ በክልሉም የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለትንንሽ ነጋዴዎች ያመጣው ምቾት ግንኙነት በተቋረጠበት ቦታ ሁሉ ቆመ። መንገድ ሲዘጋ አይሱዙ አይንቀሳቀስም፤ ሲከፈትም የነዳጁ፣ የአደጋውና የየኬላው ወጪ በኪራዩ ላይ ይደመራል። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር ከ100 ብር አልፏል። የደጋ ቸርቻሪ ይህን ሁሉ የሚሸከመው በጅምላ አከፋፋዩና በገበሬው መካከል ቆሞ ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ዋጋ መቀነስ አይችልም፣ ከታች ያለው ገዢ ደግሞ የመክፈል አቅም የለውም።

አንድ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። ድቀት የሚባለው የቱ ነው? የመንግሥት ይፋ አኃዝ ኢኮኖሚው በ2016 በጀት ዓመት በ8.1 በመቶ አድጓል ይላል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም አምራቹን ይጠቅማል ተብሏል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ተገቢ መልስም ይሻል። የአገር አማካይ የአገሩን ሁሉ ኑሮ አያሳይም፤ ወርቅና ቡና በሚላክበት አካባቢ የታየው ዕድገት መንገዱ በተዘጋበት ደጋ አይታይም። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ የሚጠቀመው የሚላክ ምርት ያለው ነው። የጋይንት ገብስና ድንች የሚሸጠው በአገር ውስጥ፣ በአብዛኛውም በቅርብ ገበያ ነው። ገበሬው ከውጭ የሚገባውን ማዳበሪያ፣ ባለ ሱቁም ከውጭ የሚገባውን ዘይትና ባትሪ በአዲሱ ምንዛሪ ይገዛሉ። ምርታቸው በብር፣ ፍጆታቸው በዶላር የሚተመንባቸው ሰዎች ሆኑ። የምንዛሪ ማሻሻያው በአገር ደረጃ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ጥቅሙ በሌላ ቦታ፣ ዕዳው በዚህ ቦታ ከሆነ የዚህን ቦታ ዕዳ ማቅለል የማሻሻያው አንድ ክፍል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቆየና ብዙ ሰው የሚያምንበት ነው። ነጋዴ በችግር ጊዜ ዕቃ ይደብቃል፣ ዋጋ ያንራል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ቁጥጥርና እሸጋ ነው ይባላል። የሚደብቅ ነጋዴ የለም ማለት ሐሰት ነው፤ አለ። ነገር ግን ዕቃ ለመደበቅ መጋዘንና የማይቸኩል ገንዘብ ያስፈልጋል። በሳምንት ሁለት ካርቶን ዘይት የሚያመጣ ቸርቻሪ የደበቀው ዕቃ ገንዘቡን እንጂ ገበያውን አያስርም። የአገራችን ታሪክም የዚህን መንገድ ውጤት ደጋግሞ አሳይቷል። በደርግ ዘመን እርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ ከገበሬው በዝቅተኛ ዋጋ ይገዛ፣ የግል ነጋዴው እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳያዘዋውር በኬላ ይገታ ነበር፤ መንግሥት ራሱ በ1982 ዓ.ም. ያንን አሠራር ተወው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ፤ ዕቃው ከገበያ ጠፋ፣ ሰልፍ በዛ፣ ጣሪያውም በወራት ውስጥ ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ተነሣ። ሁለቱም ጊዜ የታሰበው ድሃውን ለመርዳት ነበር። ሁለቱም ጊዜ የተጎዳው መጀመሪያ ትንሹ ቸርቻሪ፣ ቀጥሎ ራሱ ድሃው ሆነ።

ከዚህ ይልቅ ለጋይንት የሚቀርበው ማስረጃ ከጎረቤት ወሎ የመጣ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ጥፋቱ መጠን እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ሰው ያለቀው የመግዛት አቅሙ ስለሞተ ነበር። የዚህ ግኝት ትርጉም ለዛሬው ባለሥልጣን ግልጽ መሆን አለበት። ዋጋን ብቻ የሚጠብቅ ዓይን የረሃብን መምጣት ላያይ ይችላል። በሱቁ ላይ ያለው ዋጋ «የተረጋጋ» ሆኖ ዱቤው ግን ቆሞ ከሆነ፣ ገበሬውም ከሱቁ ደጅ ባዶ እጁን የሚመለስ ከሆነ፣ ችግሩ ገብቷል። የዱቤ ደብተር መዘጋት ከዋጋ ዝርዝር ቀድሞ የሚናገር ምልክት ነው።

የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የግል ቸርቻሪውን ቢተኩትስ? ማኅበራቱ ስኳርና ዘይት በተመጣጣኝ ዋጋ በማቅረብ ያደረጉት እገዛ ሊካድ አይገባም፤ በተለይ ደመወዝተኛው ብዙ ተጠቅሞባቸዋል። ይሁን እንጂ ለደጋው ገበሬ የሚሰጡት አገልግሎት የተወሰነ ነው። ዕቃው ሲመጣ ይሸጣል፣ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ሽያጩ እጅ በእጅ ነው፤ በሌሊት ለታመመ ልጅ የሚከፈት በር የለውም። ከሁሉም በላይ ዱቤ የሚሰጥ ሰው በገዛ ገንዘቡ የሚወስን ሰው መሆን አለበት። የማኅበር ሠራተኛ በሌሎች ገንዘብ ለጎረቤቱ ቢያበድር በኦዲት ይጠየቃል፤ ልክም ነው። ስለዚህ ማኅበሩና ባለ ሱቁ የተለያየ ሥራ ያላቸው ናቸው። ማኅበሩ በጅምላ ገዝቶ ለትንንሽ ቸርቻሪዎች ቢያከፋፍል የሁለቱም ጥቅም ይጠበቃል፤ ቸርቻሪው በየሳምንቱ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ከመመላለስ ይድናል።

ሌሎች ደግሞ ትንንሽ ሱቆች ኋላ ቀር ስለሆኑ በትልልቅ መደብሮች መተካታቸው የዕድገት ሕግ ነው ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 መንግሥት የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። ለአዲስ አበባና ምናልባትም ለባሕር ዳር ሸማች ይህ ውድድር ዋጋ ሊቀንስ ይችላል፤ በጅምላው በኩል ጤናማ ውድድር ከመጣ ጋይንትም ይጠቀማል። ነገር ግን የትኛውም ትልቅ መደብር ወገዳ ድረስ ወርዶ ጨውና ክብሪት በዱቤ ለመስጠት አይመጣም። ሱቆቹ ከከሰሙ በኋላ ክፍተቱን የሚሞላው ዘመናዊው መደብር አይሆንም፤ አራጣ አበዳሪው ነው፣ ወይም እህልን ገና በማሳ ላይ እያለ በርካሽ የሚገዛው ነው። የባለ ሱቁ ዱቤ የሚነጻጸረው ከእነዚህ ጋር ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ግብሩ ከእውነተኛው ትርፍ ጋር ይታረቅ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 አነስተኛ ግብር ከፋዮች የሚመደቡበት የደረጃ «ሐ» ጣሪያ በዓመት 500,000 ብር ሽያጭ ነበር፤ ይህ በቀን 1,370 ብር ገደማ ነው። በ2008 ይህ ሽያጭ መካከለኛ ሱቅን ያመለክት ይሆናል፤ ዋጋ ከናረ በኋላ ግን አንዲት የጎብጎብ ሱቅ አንድም ተጨማሪ ሳሙና ሳትሸጥ መስመሩን ታልፋለች። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የደረጃ «ሀ»ን መነሻ ከ1 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ብር ከፍ ማድረጉ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ከዚያ በታች ያለው ነጋዴ ግብሩ ከሽያጩ መጠን ላይ የሚሰላ መሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ሽያጭ በብር ሲያድግ መንቀሳቀሻው ግን ሲቀንስ፣ ከሽያጭ ላይ የሚወሰድ ግብር ከካፒታል ላይ የሚወሰድ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በቀን ገቢ ግምት ምክንያት በኦሮሚያና በአዲስ አበባ ሱቆች የተዘጉበት ቅሬታ ገማቹና ተገማቹ በማይተማመኑበት ቦታ ግብር መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ አስተምሯል። ጦርነትና የመንገድ መዘጋት በደረሰበት ወረዳ ግምቱ ይህን ታሳቢ ማድረግ፣ አከፋፈሉም ከክረምት ይልቅ ከመኸር በኋላ መሆን ይችላል። መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋል ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ዘንድሮ የተዘጋ ሱቅ ለከርሞ ግብር አይከፍልም።

ሁለተኛው ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ፤ ኋላም ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ዓላማው ንረቱን ማብረድ ስለነበር ለባለ ሱቁም ይጠቅመዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ብድር ሲጠብ ባንክ መጀመሪያ የሚያስቀረው መያዣ የሌለውን ትንሽ ተበዳሪ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ሕግ በእጃችን አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የሱቅ ዕቃና የቁም እንስሳት ጭምር፣ የብድር መያዣ እንዲሆን ይፈቅዳል። የክልሉን ገጠር ለዓመታት ያገለገለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ፀደይ ባንክ ተሸጋግሯል፤ ቅርንጫፉም ልምዱም አለው። መደርደሪያ ላይ ያለን ዕቃ መያዣ አድርጎ፣ መክፈያውን ከመኸር ጋር አጣጥሞ ለቸርቻሪ ማበደር ከቤት ካርታ ጥያቄ ይልቅ ለጋይንት ይስማማል። አደጋ የለውም ወይ? አለው፤ ዕቃ ይሸጣል፣ ይዘረፋል። ስለዚህ በግጭት ለተጎዱ ወረዳዎች መንግሥትና ለጋሾች ከአደጋው ከፊሉን የሚሸከሙበት ዋስትና ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ክፍያው በጥሬ ገንዘብና በወቅቱ ሲደርስ በማግሥቱ ሱቅ ይገባል፤ የዱቤ ደብተር ይሰረዛል፣ ባለ ሱቁ ዕቃ ያመጣል፣ ገበሬው እንደገና ዱቤ ያገኛል። ክፍያው በወራት ሲዘገይ ግን ያልተከፈለውን ደመወዝ በተግባር የሚያበድረው ያው ቸርቻሪ ነው፤ ያለ ወለድ፣ ዋጋ በሚንርበት ዘመን። አንድ ብር ሳይጨመር፣ ያለውን ክፍያ በቀኑ ማድረስ ብቻውን ለጋይንት ሱቆች ትልቅ ድጎማ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ ይህ ሁሉ ሰላም ሳይመጣ ከንቱ ነው የሚል ነው። እውነትነቱ ከባድ ነው፤ መንገድ በተኩስ በሚዘጋበት አገር ንግድ አያድግም፣ የሰላም ስምምነትን የሚተካ የብድር መርሐ ግብርም የለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የአገር ብልጽግና ከንግድና ከመልካም አስተዳደር እንደማይለይ ካስገነዘቡ መቶ ዓመት አልፏል። ነገር ግን ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ የሚቻለው የሚጠብቅ ሱቅ ካለ ነው። ተፋላሚዎቹ ሁሉ፣ የመንግሥት ኃይልም የታጠቀውም ወገን፣ የዕቃ መኪናን ከማገትና በኬላ ከነጋዴ ገንዘብ ከመቀበል ቢታቀቡ ከሰላም ስምምነት በፊትም ብዙ ሕይወት ይተርፋል። በዚህ መንገድ የሚያልፈውም ተጓዥ የበኩሉ ድርሻ አለው። ስንቁን ከባሕር ዳር ጭኖ ከማለፍ ይልቅ ውኃውን፣ ሳሙናውን፣ ብስኩቱን በክምር ድንጋይና በንፋስ መውጫ ይግዛ፤ ሒሳቡንም በጥሬ ገንዘብ ይክፈል። ባለሥልጣኑ ደግሞ ወደ ሱቅ ሲገባ የዋጋ ዝርዝሩን ከማየቱ በፊት የዱቤ ደብተሩን ይጠይቅ፤ የጋይንት ክረምት ምን እንደሚመስል የሚነግረው እሱ ነው።